በሐሴት ሠርግ ላይ የተቆረጠው ብረት

ማናልሞሽ ደስታ ሲበዛባት ሳቅ የሚያፍናት፣ አንዴ ከጀመራትም ማቆም የሚያቅታት ሴት ናት። እናቷ «ይቺን ልጅ ፈጣሪ ሲሠራት ሳቋን የምትከትበት ኪስ ረስቶባታል» ትላለች። በዚህ ሳቋ የተነሣ ትምህርት ቤት ተንበርክካለች፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በክርን ተጎሽማለች፤ አንድ ሊያጫት የመጣ ሰው «በእኔ ነው የሳቀችው» ብሎ ተቀይሞ ሄዷል። በኋላ ግን ሳቋ የማያስወቅሳት ቦታ አገኘች። ሚዛን ተፈሪ፣ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የጋሼ ባየ ብየዳ ቤት ገብታ ሙያ ለመደች። እዚያ የመዶሻውና የግራይንደሩ ጩኸት ተደማምሮ የሰው ሳቅ ማን ይሰማዋል?

ያን ዓመት ኅዳር ላይ፣ የቡና ለቀማው በደራበት ሰሞን፣ ጋሼ ባየ ከጅማ የብረት መቁረጫ ማሽን አስመጡ። ከታች ብረቱን ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ፣ ከላይ በእጀታ ተይዞ ወደ ታች የሚወርድ ሞተር አለው። ሞተሩ ላይ የታሰረው ዲስክ የትሪ ስፋት ያለው፣ ጥርስ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ጥቁር ክብ ነው። እንደ መጋዝ አይነክስም፤ በኃይል እየተሽከረከረ ብረቱን ይፍቀዋል፣ ሲፍቅም ራሱ እያለቀ ይሄዳል። በሴጌቶ፣ በእጅ መጋዝ፣ ሲታገሉት የሚያረፍዱበትን ቱቦላሬ የሚሉትን ውስጠ ክፍት ብረት ይህ ማሽን አንድ ሰው አስነጥሶ «ይማርህ» እስኪባል ድረስ ለሁለት ይገምሰዋል።

ጋሼ ባየ ግን ማሽኑን ከመውደዳቸው ብዛት ሥራ ላይ ማዋሉን ሳሱለት። ሲመሽ በጋቢ ይሸፍኑታል። ጠዋት ገልጠው አቧራውን በትንፋሻቸው እፍ ይሉለታል። «ከቱቦላሬ በስተቀር ምንም እንዳይነካው!» ብለው አዋጅ አወጡ። «ወፍራም ብረት ያቀረበበት ሰው ከእኔ ጋር ተቆራረጠ ማለት ነው።»

ማናልሞሽ «እሺ ጋሼ» ትበል እንጂ ልቧ ሌላ ነበር። ያ ዲስክ ቱቦላሬ ሲቆርጥ የሚተፋውን ብልጭታ ባየች ቁጥር «አንዴ፣ አንዴ ብቻ ድፍን ብረት ቢገጥመኝ!» እያለች ትቋምጣለች።

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከቴፒ የመጣ አይሱዙ በሩ ላይ ቆመና እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ወጣት ከጋቢናው ዘሎ ወረደ።

«ብረት የምትቆርጡት እናንተ ናችሁ?» አለ እያለከለከ።

«እኛ ነን። ሰላምታ ግን አንቆርጥም» አለች ማናልሞሽ። «እንደምን አደርክ?»

ወጣቱ ደነገጠና ፈገግ አለ። «ይቅርታ እህቴ። እንደምን አደራችሁ። ሕዝቅያስ እባላለሁ፤ ከቴፒ ወዲያ ካለው ከገበሬዎቹ ቡና ማጠቢያ ነው የመጣሁት፤ የማሽኖቹ መካኒክ ነኝ። ዛሬ ማለዳ መፈልፈያውን የሚያሽከረክረው ሻፍት ለሁለት ተሰበረብን። እሸት ቡናው ደግሞ በላይ በላዩ እየመጣ ነው። ዛሬ ካልተፈለፈለ ኮምጥጦ ያድራል፤ የስንት ሰው ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።»

ከሹፌሩ ጋር ተጋግዘው ከጭነቱ ላይ አንድ ረጅም ድፍን ብረት አወረዱ። የጎልማሳ ክንድ ያህል ይወፍራል።

«ይሄን ከአንድ ጋራዥ ለምኜ አገኘሁ» አለ ሕዝቅያስ። «ውፍረቱ ልክክ ይላል፤ ርዝመቱ ነው የተረፈው። በሴጌቶ ጀምረነው ነበር።» ጣቱን ብረቱ ላይ አኖረ። እዚያ ድመት የቧጠጠችው የሚመስል ጭረት አለ፤ የጠዋቱ ድካም ሁሉ ያፈራው ይህንኑ ነው።

ጋሼ ባየ ከውስጥ ወጡና ብረቱን ዞረው ዞረው አዩት። ከዚያ ወደ ማሽናቸው ሄደው ከፊቱ ተገተሩ፣ ልጃቸውን ከመኪና የሚከልሉ ይመስል።

«አይሆንም» አሉ። «ይሄ ብረት ነው? ግንድ ነው እንጂ!»

«ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ የመጣው ሊቆርጥ ነው» አለች ማናልሞሽ። «ሊጦሩት ነው እንዴ ያመጡት? እኔ ቀስ ብዬ፣ እያሳረፍኩ እቆርጠዋለሁ። አላስጨንቀውም።»

ጋሼ ባየ ጭቃ የለበሰውን ወጣት አዩት። አንጀታቸው አልችል አለ። «ከጮኸ ታቆሚያለሽ» አሉ።

«እሱማ መጮኹ የት ይቀራል ጋሼ!»

«ካለቀሰ ማለቴ ነው! ይለያል፤ እኔ አውቀዋለሁ!»

ማናልሞሽ ሳቋን በመዳፏ አፍና መነጽሯን አጠለቀች። ሻፍቱን በሞርሳው አስጨነቀችው፣ ሶኬቱን ሰካች፣ እጀታውን ጨብጣ ማስነሻውን ሳበች። ምንም የለም። ደግማ ሳበች። ጸጥ። ከጎናቸው ካለው ፀጉር ቤት ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰው በፎጣ እንደተጠመጠመ ወጣና ወደ መብራት ገመዱ አንጋጠጠ። «ሄደ» አለ በሐዘን። መብራቱን ማለቱ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ሳቋ ያመለጣት። ግማሽ ራሱን የተላጨውን ሰውዬ፣ አፉን ከፍቶ የቀረውን ሕዝቅያስን፣ «እግዜር ያውቃል ሥራውን» እያሉ ማሽናቸውን የሚዳብሱትን ጋሼ ባየን ስታይ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ሕዝቅያስ መጀመሪያ ግራ ተጋብቶ አያት፤ ቀጥሎ እሱም ምን እንደነካው ሳያውቅ ሳቀ።

ሳቃቸው ጋብ ሲል ከዳገቱ በኩል የኦርጋንና የጭብጨባ ድምፅ ሰሙ። ከተማው ሁሉ መብራት አጥቶ እዚያ ማጉያው እንደ ጉድ ያንባርቃል።

«የሐሴት ሠርግ!» አለች ማናልሞሽ ብድግ ብላ። «ከቸርች ጄኔሬተር ተውሰዋል። ጋሼ፣ ማሽኑን ይያዙ!»

ጋሼ ባየ ለመቃወም አፋቸውን ሳይከፍቱ ከማሽናቸው ጋር አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ተገኙ። ማሽኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «ቀስ! ቀስ በል ልጄ!» እያሉ ዳገቱን ወጡ። ማናልሞሽና ሕዝቅያስ ከኋላ ሻፍቱ ላይ ተቀምጠዋል፤ መኪናው ሲዘል ይዘላሉ።

ሐሴት የወይዘሮ በየነች የመጨረሻ ልጅ ናት። ሙሽራው ሲላስ የቴፒ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡና የቸርቹ ዘማሪዎች በአንድ አውቶቡስ ተጭነው መጥተዋል። ድንኳኑ ጢም ብሎ፣ ዳንኤል የሚባለው ኦርጋኒስት ዓይኑን ጨፍኖ መዝሙሩን እያስነካው፣ ወይዘሮ በየነች በር ላይ እንግዳ ሲቀበሉ ጋሼ ባየ ማሽናቸውን ታቅፈው ደረሱ።

«ውይ ጋሼ ባየ! ምነው ይሄን ያህል ተቸገሩ!» አሉ ወይዘሮ በየነች በደስታ ተውጠው። «ከስጦታዎቹ ጋር እዚያ ያስቀምጡልኝ!»

ጋሼ ባየ ማሽኑን ይበልጥ ወደ ደረታቸው አስጠጉት። ማናልሞሽ ሳቅ እንዳይቀድማት ከንፈሯን ነክሳ፣ ስለ ሻፍቱም ስለ መብራቱም ስለ ጄኔሬተሩም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

የወይዘሮ በየነች ፊት ተለወጠ። «በልጄ ሠርግ ላይ ብረት ሊቆረጥ? እሳት እየተረጨ? ድንኳኑስ? ያ ሁሉ ነጭ ልብስስ? አይ ልጄ፣ ነገ ኑ።»

«ነገማ ቡናው የለም እማማ» አለ ሕዝቅያስ። «ከቴፒ ነው የመጣሁት። የገበሬዎቹ መፈልፈያ ቆሟል።»

በሩ አጠገብ ከተቀመጡት የሙሽራው ቤተሰቦች መሃል አንድ ሽማግሌ የጎረሱትን ሳይውጡ ቀና አሉ። አቶ ገሠሠ፣ የሲላስ አባት ናቸው። «የቱ መፈልፈያ?» አሉ።

ሕዝቅያስ ነገራቸው።

«የኛ?!» አቶ ገሠሠ ሲነሡ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «ትናንት ማታ እኮ ነው ያስረከብኩት! የወንድሜም እዚያ ነው! የጎረቤቶቼም!» ዞረው ወደ ድንኳኑ ጮኹ፤ «ወገኖቼ፣ ቡናችን ሊኮመጥጥ ነው! ኦርጋኑን አጥፉት!»

ዳንኤል ዓይኑን ገለጠ፤ ጣቶቹ ኦርጋኑ ላይ እንደተዘረጉ ቀሩ። የሙሽራው ወገን ጠረጴዛ በጠረጴዛ ተነሣ። የሙሽሪት ወገን ጠብ የተነሣ መስሎት እሱም ተነሣ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ሐሴት ቬሏን በሁለት እጇ ገልጣ ከመድረኩ ላይ፣ «እማዬ፣ ተያቸው እንጂ! የባሌ ቡና እኮ ነው!» አለች።

ድንኳኑ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሐሴት «ባሌ» ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እሷም ገና አሁን ሰማችውና ሁለት ጉንጮቿ ቀሉ። ሲላስ ከጎኗ ጥርሱን መክደን አቃተው። ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ድንኳኑ በእልልታ ተናጠ። ወይዘሮ በየነች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «እንግዲህ ባሌ ካለች ምን ይደረጋል፤ በጓሮ በኩል አድርጉት» አሉ።

ጓሮው የእንሰት ተክል ነው። ጠዋት ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቅጠሉ ሁሉ ውኃ ያንጠባጥባል። ማናልሞሽ ብልጭታው ወደ እንሰቱ እንዲረጭ ማሽኑን ከድንኳኑ አዙራ አስቀመጠችው፤ ሰዉንም ከኋላዋ አራቀችው። የሻፍቱ ረጅም ጫፍ ተንጠልጥሎ ብረቱ መሃል ላይ እንዳይጎብጥና ዲስኩን እንዳይነክሰው አግዳሚ ወንበር አስደገፈችው። ሱፍ የለበሱት ሚዜዎች ሳይጠሩ መጥተው ወንበሩን ግራና ቀኝ ያዙ።

በሴጌቶው ጭረት ላይ ዙሪያውን ቀጥ ያለ ምልክት ያስፈልጋት ነበር። ወዲያ ወዲህ ስትል ሕዝቅያስ ሮጦ ከሙሽሮቹ መኪና ላይ ሮዝ ሪባን ፈትቶ አመጣላት። «እንዴት አወቅክ?» አለችው።

«የሚጠመጠም ነገር ስትፈልጊ አየሁሻ።»

ሪባኑን ሻፍቱ ላይ ጠምጥማ ጫፍና ጫፉን ስታገጥም፣ በጠመኔ ዙሪያውን ስታሰምር፣ እጁ ሪባኑን ይዞላት ከእጇ ጋር ተነካካ። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ሳቅ መጣባት። ዋጠችው። ሪባኑን ፈታችና መነጽሯን አጠለቀች፣ ሻሿን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ አሰረች።

ማስነሻውን ስትስበው ማሽኑ አጓራ። ወዲያው አላወረደችውም፤ ዲስኩ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪያገኝ፣ ድምፁ ከማጓራት ወደ ማፏጨት እስኪሄድ ጠበቀች። ከዚያ ቀስ አድርጋ አወረደችው። ዲስኩ ብረቱን ሳም ሲያደርገው ብርቱካናማ እሳት እንደ ጅራት ወጣ። ከኋላዋ የቆመው ሰው በአንድ ድምፅ «ኡ!» አለ። ብልጭታው እርጥብ የእንሰት ቅጠል ላይ እያረፈ ቸስ፣ ቸስ ይላል።

ስትጫነው ጄኔሬተሩ አቃሰተ፤ የዲስኩም ፉጨት ወረደ። እጇን አላላች፤ ፉጨቱ ተመለሰ። እንደገና ጫን፣ እንደገና ላላ። ማሽኑ የሚፈልገውን በእጀታው በኩል የሚነግራት መሰላት። ጉልበት አይፈልግም፤ ዲስኩ በራሱ ጊዜ እንዲበላ መተው ነው። ጋሼ ባየ ማየት አቅቷቸው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆመዋል። «አለቀሰ?» ይላሉ በየመሃሉ።

«እየዘመረ ነው!» ይላቸዋል ዳንኤል።

እያሳረፈች፣ ሞተሩን እያስተነፈሰች ከግማሽ አለፈች። ውስጧ ደስታ ይፈላል። ያ የቋመጠችለት ድፍን ብረት ይኸው ከእጇ በታች እሳት ይተፋል፤ ከኋላዋ የሠርግ ሰው ታጭቋል፤ ሙሽሪት ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰብስባ ከሰዉ ሁሉ ፊት ቆማለች። ማናልሞሽ እየሳቀች ነበር፤ የሰማት ግን የለም።

ድንገት እሳቱ ቆመ። ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ብረቱን ግን አይነካም። አቆመችና አየች። ዲስኩ ተፍቆ ተፍቆ የትሪ ስፋቱ ወደ ሣህን ወርዷል፤ እጀታው መጨረሻ ድረስ ወርዶም የሻፍቱ ታች ላይ መድረስ አልቻለም። ሌላ ዲስክ የለም።

«ቀረ?» አሉ አቶ ገሠሠ። ራሳቸውን ያዙ። ከኋላ የሆነ ሰው «ጌታ ሆይ» ብሎ ጸሎት ጀመረ።

ማናልሞሽ በጉልበቷ ተቀምጣ የጠመኔውን መስመር ተከተለች፤ ብረቱን ዞሮ ከታች ይታያል። ዲስኩ ታች ካልደረሰ ታቹ ራሱ ወደ ላይ ይምጣ! «ሕዝቅያስ፣ እንገልብጠው!» አለች። ሞርሳውን ፈታች። ብረቱ ስለጋለ ሕዝቅያስ ያንን ጭቃማ ጃኬቱን አውልቆ ጠቀለለበት፤ ሚዜዎቹ ጫፉን አንሥተው ገለበጡት። ያልተቆረጠው ወደ ላይ ዞረ። መስመሩን ከዲስኩ ጋር አስተካክላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችና አጠበቀችው።

ሁለተኛው እሳት ከመጀመሪያው ያጠረ ግን የደመቀ ነበር። ከላይ የመጣው ስንጥቅ ከታቹ ጋር ሊገናኝ ሲል ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነና ትርፉ ብረት ጧ! ብሎ ከእርጥቡ ሣር ላይ ወደቀ። እንፋሎት ቡን አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል የሚናገር ሰው የለም። እልልታው ወደ ላይ ሄደ። አቶ ገሠሠ ወይዘሮ በየነችን አቅፈው አሽከረከሯቸው። ሚዜዎቹ ሱፋቸው ላይ የብረት ብናኝ እንደተነሰነሰ ጨፈሩ። ሐሴት በብናኝ የጠቆረውን የማናልሞሽን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት፤ የነጭ ጓንቷ ጣቶች ጥቁር ሆኑ፤ ያንን አይታ ደግሞ ሁለቱም ተያይዘው ሳቁ። ጋሼ ባየ ከአጥሩ ተመልሰው ሞተሩን እንደ በሽተኛ ግንባር በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ሞቋል እንጂ አልታመመም» አሉ። ቀና ብለው ሰዉን ዙሪያውን አዩ፣ ዓይናቸው አበራ። «ሌላ የሚቆረጥ ያለው ሰው አለ?»

አይሱዙው ግን ሌላ ጭነት ስላለበት ሄዷል። «እኛ እኮ ወደ ቴፒ ነን!» አለ ሲላስ። ሙሽራዋ ለወጉ ያህል አልቅሳ እንደተሸኘች ሻፍቱ የሠርግ አውቶቡሱ መተላለፊያ ላይ ተጋደመ። ዘማሪዎቹ እግራቸውን እሱ ላይ ሰቅለው፣ ብረቱን በጣታቸው ቀለበት እየመቱ፣ እስከ ቴፒ ድረስ ዘመሩ። ማናልሞሽ «ጫፉን በሞረድ የምታለሰልሰው እሷ ናት» ተብላ አብራ ተጫነች። ጋሼ ባየ ማንም ሳይጠራቸው ከፊት ወንበር ላይ ተገኙ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማጠቢያው ደረሱ። እሸቱ ከቤት ጣሪያ እኩል ተቆልሎ ቀልቷል፤ ገበሬዎች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው መንገድ መንገድ ያያሉ። የሙሽራ አውቶቡስ ጥሩንባውን እየነፋ ግቢያቸው ሲገባ፣ ከውስጡም ሙሽራ፣ ሚዜና ሻፍት ሲወርድ ከጆንያቸው ላይ ብድግ ብድግ አሉ። ማናልሞሽ ጫፉን ሞረደች፤ ሕዝቅያስ ከመፈልፈያው ሥር ተጋድሞ ገጠመው፤ ልክክ አለ። ሞተሩ ተነሣ። ቀዩ እሸት በአንድ በኩል ገብቶ ነጩ ቡና በሌላ በኩል ከውኃው ጋር ሲንጎደጎድ፣ ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ጮኸ። ጋሼ ባየ ነጠላቸውን አገልድመው ከአንዲት የማያውቋት ባልቴት ጋር ይጨፍራሉ።

የሠርጉ ሰዎች ለማናልሞሽ ከድግሱ ሥጋ አቀረቡላት። የነቢያት ጾም ስለሆነ አመስግና መለሰች። ሕዝቅያስ አየና፣ «እኔም ጾመኛ ነኝ» ብሎ ከጥበቃዎቹ ቤት ሽሮ ለምኖ መጣ። የእሷ እጅ ብናኝ፣ የእሱ ግራሶ ነው፤ በአመድ ታጥበው ከአንድ ሣህን በሉ። እንዲህ የሚጣፍጥ ሽሮ በልታ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሕዝቅያስ ከቴፒ ሚዛን መመላለስ አበዛ። አንድ ሳምንት የበር መወርወሪያ ይዞ መጣ፣ በሌላው የአልጋ እግር። ሁሉም «ትንሽ ይቆረጥልኝ» ነው። አንዴም ምንም ያልጎደለውን ቱቦላሬ ለሁለት አስቆርጦ፣ በሳምንቱ «መልሳችሁ በይዱልኝ» ብሎ መጣ። ጋሼ ባየ ማሽኑ ሥራ ስላገኘ ደስ ብሏቸዋል።

ጾሙ ተፈትቶ፣ ጥምቀትም አልፎ፣ አንድ ረፋድ ላይ ባዶ እጁን መጣ። ጫማው ተወልውሏል፤ አጠገቡ ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል።

ማናልሞሽ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች። «ዛሬስ የሚቆረጠው ምንድን ነው?» አለችው።

«ቀን» አለ ሕዝቅያስ። «አንቺ እሺ ካልሽ፣ ከቤተሰብሽ ጋር ቀን ሊቆርጡ ነው የመጡት።»

ሳቋ ያኔ መጣ። ሽማግሌዎቹ ተደናግጠው ተያዩ፤ አንደኛው «እምቢ ማለቷ ነው?» ብሎ ጋሼ ባየን በሹክሹክታ ጠየቀ።

«ኧረ አይደለም» አሉ ጋሼ ባየ፣ የገዛ ጋቢያቸውን ከማሽኑ ላይ አንሥተው ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ አግዳሚው ላይ እያነጠፉ። «ይቺ ልጅ እሺ ስትል እንዲህ ናት። ቁጭ በሉ።»